የጫጩት እናት ለመሆን

የአንድ ቀን ጫጩት ለመጀመሪያ ጊዜ ለማሳደግ የሚያስብ ሰው ከሚሠራው ሥራ አብዛኛው ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው በፊት ያለው ነው

ክፍሉ ባዶ ነው። ቢሾፍቱ፣ ከሆራ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ከዋናው ቤት ጀርባ የተቀጠለ ሦስት በአራት የሆነ የቆርቆሮ ቤት። ከማገሩ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለው ትልቅ ቀይ አምፖል ከማለዳ ጀምሮ እንደበራ ነው። ከሥሩ ሰጋቱራ ተነጥፏል፤ ሰጋቱራው በካርቶን ተከቧል፤ በክቡ ውስጥ ግን ነፍስ ያለው ነገር የለም። የቤቱ ባለቤት፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነች ወጣት፣ በርከክ ብላ ከሰጋቱራው ላይ ቴርሞሜትር ታነሣና ወደ ብርሃኑ አዙራ ታየዋለች። 29 ይላል። ሰንሰለቱን አንድ ቀለበት ዝቅ አድርጋ ቴርሞሜትሩን ወደ ቦታው ትመልሳለች።

አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል። «የሚመጡት ነገ ነው አላልሽም እንዴ? ይሄን ሁሉ መብራት ለማን ነው የምታነጂው?»

«ለወለሉ ነው አባዬ።»

«ለወለሉ?»

«አየሩ ቢሞቅም ሰጋቱራው ከቀዘቀዘ ብርዱ በእግራቸው ይገባል። ባለሙያዋ አንድ ቀን ቀድማችሁ አሙቁት ብላናለች።»

አባት ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቤት ገቡ። እሳቸው ባደጉበት ቤት ለዶሮ ወለል የሚያሞቅ ሰው አልነበረም፤ ዶሮም ሳይሞቅላት እየፈለፈለች፣ እያሳደገች ኖራለች። ልክ ናቸው። እሳቸው በሚያውቁት ግቢ ወለሉን የምታሞቀው ዶሮዋ ነበረች። ነገ በካርቶን የሚመጡት ጫጩቶች ግን እናት የላቸውም፤ አይተዋትም አያውቁም። የልጃቸው ሥራም ከዚህ ይጀምራል።

እንዲህ ያለ ክፍል የሚያዘጋጅ ቤተሰብ ዛሬ በቢሾፍቱም ሆነ በሌሎች ከተሞች ማግኘት ብርቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮና እንቁላልን ከወተት፣ ከማርና ከዓሣ ጋር የአገር አጀንዳ ካደረጋቸው ወዲህ የደመወዝተኛውም፣ የጡረተኛውም፣ የሥራ ፈላጊው ወጣትም ወሬ የአንድ ቀን ጫጩት ሆኗል። ወሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ እንቁላሉ ነው፤ በወር ስንት ትሪ ይወጣል፣ ትሪው በስንት ይሸጣል። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን እንደሚባለው፣ አርቢውም የሚያልመው እንቁላሉን ነው። ከእንቁላሉ በፊት ግን ወደ አምስት ወር የሚጠጋ ጊዜ አለ፤ ከዚያም ውስጥ ጫጩት በብዛት የምታልቀው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

ዶሮዋ የምትሠራው

የሐበሻ ዶሮ እንቁላሏን 21 ቀን ታቅፋ ስትፈለፍል ሥራዋ ገና መጀመሩ ነው። ጫጩቶቿን ክንፏ ሥር ትሰበስባለች፤ ሲበርዳቸው ይገባሉ፣ ሲሞቃቸው ይወጣሉ፣ ልኩን የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው። መሬቱን ጭራ ጥሬ ስታገኝ ቶሎ አትውጠውም፤ በምንቃሯ እያነሣች መልሳ እየጣለች ትጠራቸዋለች፤ የሚበላውን ከማይበላው የሚለዩት ያኔ ነው። የጭልፊት ጥላ በግቢው ላይ ሲያልፍ ድምጿን ትለውጣለች፤ ወዲያው ሁሉም ከቁጥቋጦ ሥር ይገባል። ማሞቅ፣ ማብላት፣ መጠበቅ፤ ሦስቱንም አንዲት ዶሮ ያለ ደመወዝ ትሠራዋለች።

እንዲህም ሆኖ እየለቀሙ ከሚያድጉ የአገር ቤት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው በበሽታ፣ በአውሬና በብርድ ያልቃሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ማን እንዳሞቀው ግን ተረቱ አይነግረንም።

ከማሽን የወጣች ጫጩት 40 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ሰውነቷን የሸፈነው ለስላሳ ጸጉር ነው፤ ብርድ የሚመክት ላባ ገና አላወጣችም። የሰውነቷን ሙቀት በራሷ አቅም መጠበቅ የምትጀምረውም ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አንድ ስንቅ ግን ይዛ ትወጣለች። ከቅርፊቱ ልትወጣ ስትል የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዷ ትስበዋለች፤ በእሱም ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ያለ ምግብና ያለ ውሃ ትቆያለች። ጫጩቶች በካርቶን ታሽገው ከቢሾፍቱ ተነሥተው ሩቅ ከተማ ድረስ በመኪና መጓዝ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ስንቁ ያልቃል፤ በሕይወት ደረሱ ማለት ጠግበው ደረሱ ማለት አይደለም። ቤት ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ክፍል ካልሞቀ፣ ውሃው ካልተቀዳ፣ መኖው ካልተሰጣ፣ ያንን ለማሟላት የሚባክነው እያንዳንዱ ሰዓት ከዚችው ስንቅ ላይ ይቀነሳል።

ስንት? የትኛዋን? መቼ?

ባለሙያዎች ጀማሪን በ50 ጀምር ይሉታል። ከዚያ ካነሰ ጫጩቶቹ እርስ በርሳቸው መሟሟቅ ያንሳቸዋል፣ ድካሙም ከትርፉ ይበልጣል፤ ከዚያ ከበዛ ደግሞ አንድ ስሕተት ብዙ ነፍስ ይዞ ይሄዳል። ችግሩ የማስፈልፈያ ካርቶኖች የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ጫጩት መሆኑ ነው። የቢሾፍቱዋ እናት ለዚህ መላ አግኝታለታለች፤ አንዱን ካርቶን ከጎረቤቷ ጋር ለሁለት ሊካፈሉ ተስማምተዋል።

የዘሩ ምርጫ የሚወሰነው በሚፈለገው ነገርና በሚመገቡት ነው። ቦቫንስ ብራውንና ሎማን ብራውን የእንቁላል ዶሮዎች ናቸው። በሙሉ መኖና በጥሩ አያያዝ አንዷ በዓመት እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች፤ የሐበሻዋ ከ40 እስከ 60 ነው። ነገር ግን ጭራ ብላ ትደር ብሎ የሚለቃቸው ሰው ያንን ቁጥር አያየውም። ሳሶና ከደቡብ አፍሪካ የመጣችው ኮኮክ ለእንቁላልም ለሥጋም ይሆናሉ፤ የግቢ ኑሮንም ይበልጥ ይችላሉ። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ የሆሮን የአገር ዶሮ ትውልድ በትውልድ እየመረጠ ሲያሻሽል ቆይቷል።

ቡናማዎቹ የእንቁላል ዘሮች ለገዢ የሚጠቅም አንድ ባሕርይ አላቸው፤ ሴቷና ወንዱ በተፈለፈሉበት ቀን በቀለም ይለያሉ። ሴቶቹ ቡናማ፣ ወንዶቹ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ናቸው። ስለዚህ የእንቁላል ጫጩት የሚገዛ ሰው ካርቶኑ ሲከፈት ቢጫው ከበዛበት ቢጠይቅ አያፍርም።

ወሩም ይታሰባል። ቄቧ እንቁላል መጣል የምትጀምረው ከ18 እስከ 20 ሳምንት ሲሞላት ነው። መጋቢት አጋማሽ ላይ የገባች ጫጩት ነሐሴ ላይ ትጀምርና መጣሏ እየበረታ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ገበያ ትደርሳለች። ኅዳር ላይ የገባችው ግን ሁለት ነገር ይገጥማታል። አንደኛ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደጋው ላይ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ የማሞቂያው ወጪ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ መጣል ስትጀምር ዐቢይ ጾም ሊያገኛት ይችላል፤ በ55ቱ ቀን እንቁላል ፈላጊ እንደሚቀንስ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ጫጩት በቀጠሮ የሚገኝ ነገር ስለሆነ ይህ ሒሳብ ከወራት በፊት ይሠራል።

ክብ ቤት

የተመረጠው ክፍል መጀመሪያ ይጠረጋል፣ ይታጠባል፣ በመድኃኒት ይረጫል፣ ከዚያ ቢያንስ ለጥቂት ቀናት ባዶውን ይደርቃል። ቀድሞ ሌላ ዶሮ የነበረበት ከሆነ አሮጌው ጉዝጓዝ አንድም ሳይቀር መውጣት አለበት። አይጥ የሚገባበት ቀዳዳ ይደፈናል፤ ሽለምጥማጥ የሚሾልክበት መስኮት በሽቦ ወንፊት ይመታል። ሽለምጥማጥ አንዷን በልቶ የሚሄድ እንግዳ አይደለም፤ ሌሊቱን ደርዘን አንገት ቆርጦ ሊያድር ይችላል።

ከዚያ ወለሉ ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰጋቱራ ወይም ተቆራርጦ የደቀቀ ጭድ ይነጠፋል። ዱቄት የሚያክል ሰጋቱራ አይሆንም፤ ጫጩት መኖ እየመሰላት ትውጠዋለች፣ ብናኙም ሳንባዋን ያውከዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት በላዩ ሸካራ ወረቀት ይነጠፍበታል። ጋዜጣ ጥሩ አይደለም፤ ያንሸራትታልና ጫጩቷ እግሯ ወደ ግራና ቀኝ ተከፍቶ ሽባ ልትሆን ትችላለች።

ከሁሉ በላይ ለጀማሪ እንግዳ የሚሆነው ክቡ ነው። ጫጩቶች ሲበርዳቸው ወይም ሲደነግጡ ወደ ማእዘን ይጎርፋሉ፣ አንዷ በአንዷ ላይ ትወጣለች፣ ከሥር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። ማእዘን የሌለው ቤት ይህን ያስቀራል። ለ50 ጫጩት ጠቅላላ ዙሪያው ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ፣ ቁመቱ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የካርቶን ወይም የላሜራ አጥር በቂ ነው። እያደጉ ሲሄዱ አጥሩ ይሰፋል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሙሉ በሙሉ ይነሣል።

በክቡ መካከል የሚንጠለጠለው ማሞቂያ አምፖል 250 ዋት ከሆነ ለ50 ጫጩት ይበቃል። ከወለሉ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በሰንሰለት ይታሰራል፤ በኤሌክትሪክ ገመዱ ብቻ ማንጠልጠል ሰጋቱራው ላይ ወድቆ ቤት ሊያቃጥል ስለሚችል አይሞከርም። ሙሉ ቀን ሲበራ የሚበላው ኃይል 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ይህን በቆጣሪ ታሪፍ ማባዛት የወጪ ዕቅዱ አንድ መስመር ነው። ተጨማሪ አምፖል መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥም ይበጃል፤ አምፖል የሚቃጠለው ሱቅ በተዘጋ ሰዓት ነውና።

በመጀመሪያው ሳምንት ከአምፖሉ ሥር በጫጩቶቹ ጀርባ ቁመት የሚለካው ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን። ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ላባ ስላወጡ 20 እና 21 ዲግሪ ይበቃቸዋል። የክቡ ዳርቻ ሁልጊዜ ከመካከሉ ቀዝቀዝ ማለት አለበት፤ በዶሮዋ ክንፍ ሥር እንደነበረው ሁሉ መግባትና መውጣት ይቻላቸው።

ከቴርሞሜትሩ ይልቅ የሚታመኑት ግን ጫጩቶቹ ራሳቸው ናቸው። ከአምፖሉ ሥር ተደራርበው ጮኸው የሚያለቅሱ ከሆነ በርዷቸዋል። ሁሉም ወደ አጥሩ ሸሽተው፣ ክንፋቸውን አንጠልጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል። ወደ አንድ ወገን ብቻ ከተሰበሰቡ ከሌላው ወገን ንፋስ እየገባ ነው። በክቡ ውስጥ እኩል ተበትነው፣ ገሚሱ እየበላ፣ ገሚሱ እየተኛ፣ ዝቅ ያለ ጭውጭውታ የሚሰማ ከሆነ ልኩ ያ ነው። እናት ልጇ ለምን እንደምታለቅስ በድምጿ እንደምትለየው አርቢውም በሁለተኛው ቀን ከበሩ ውጭ ሆኖ መለየት ይጀምራል።

መብራት ሲጠፋ

በእኛ አገር ይህን ሁሉ የሚያናጋው የመብራት መቆራረጥ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ለሁለት ሰዓት የጠፋ መብራት የሳምንቱን ድካም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ማሞቂያ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ መዘጋጀት አለበት።

ብዙ ሰው ከሰል ይጠቀማል። ከሰል ያሞቃል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል። ከተጠቀሙ ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀ በኋላ ይግባ፣ ምድጃው ከክቡ ውጭ ይቀመጥ፣ ከላይ አየር መውጫ ይከፈት። ሌላው ቀላል ዘዴ የፈላ ውሃ በጀሪካን ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በጆንያ ጠቅልሎ በክቡ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ጫጩቶቹ ይደገፉታል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ይቀየራል።

በአገራችን ተመራማሪዎች ተሠርቶ የተፈተሸ ሦስተኛ መንገድም አለ፤ የጭድ ሣጥን። ጎኖቹ ድርብ ሆነው በመካከላቸው ጭድ ወይም ደረቅ ሣር የተጠቀጠቀባቸው፣ ከላይም እንዲሁ የሚከደን የእንጨት ሣጥን ነው። አምፖል የለውም፣ ከሰልም የለውም። ጫጩቶቹ ሲሰበሰቡ ከራሳቸው ሰውነት የሚወጣውን ሙቀት ጭዱ ይዞ ያቆይላቸዋል። ቀን ቀን ከሣጥኑ ጋር ወደተያያዘው የሽቦ ግቢ ወጥተው ይበላሉ፤ ሲበርዳቸውና ሲመሽ ይመለሳሉ። መብራት ላልደረሰበት ገጠር የታሰበ ነው፤ መብራት ለሚጠፋበት ከተማም ያገለግላል።

ሙቀቱን ለመያዝ ሲባል ክፍሉን ድፍን አድርጎ መዝጋት ሌላ በሽታ ያመጣል። ከኩሱ የሚወጣው የአሞኒያ ሽታ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። መለኪያው ቀላል ነው፤ በጫጩቶቹ ቁመት ቁጢጥ ይበሉ። እዚያ ዓይንዎን ካቃጠለዎት እነሱንም እያቃጠላቸው ነው።

መኖና ውሃ

መኖው ጫጩቶቹ ሳይመጡ ተገዝቶ፣ ከወለልና ከግድግዳ በተራቀ ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። ለእንቁላል ዘር አንዲት ጫጩት እስከ ስምንተኛው ሳምንት ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ትበላለች፤ ለ50 ጫጩት እስከ አንድ ኩንታል ማለት ነው። የሚገዛው የጫጩት መኖ፣ ስታርተር የሚሉት፣ ከ18 እስከ 20 ከመቶ ፕሮቲን ያለው ነው። በቆሎው ኃይል ይሰጣል፤ የኑግ ፋጉሎውና አኩሪ አተሩ ሥጋና ላባ ይሠራሉ።

ሁለት ነገር ለመቆጠብ ሲባል ይደረጋል፤ ሁለቱም ያከስራሉ። አንደኛው ስንዴ ወይም በቆሎ ቤት ውስጥ አስፈጭቶ ያንን ብቻ ማብላት ነው፤ ጫጩቷ ትበላለች፣ ግን ላባዋ አይወጣም፣ ቁመቷ አይጨምርም። ሁለተኛው ጎረቤት ካለው የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ መዋስ ነው። የጣይ መኖ ለቅርፊት ሲባል ካልሲየም በብዛት አለበት፤ የጫጩቷ ኩላሊት አይችለውም። የሻገተ በቆሎና የሻገተ ፋጉሎማ በምንም ዋጋ አይገዛም፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ ጉበቷን ያበላሻል።

ውሃው ንጹሕና ለብ ያለ፣ የክፍሉን ያህል የሞቀ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ስኳር ወይም ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚሸጥ ቫይታሚን ይጨመርበታል። ለ50 ጫጩት ሁለት ባለ 3 ሊትር ማጠጫ ይበቃል። ማጠጫ ከሌለ ዝርግ ሳህን ይሆናል፤ መካከሉ ላይ ግን የታጠቡ ጠጠሮች ይቀመጡበት፣ የአንድ ቀን ጫጩት በሁለት ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ሰጥማ ትሞታለችና።

ካርቶኑ ሲከፈት

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤትየዋ ቀድመው ደርሰው ነበር። ጎንና ጎኑ የተበሳ ካርቶን ሲመጣ ድምፁ ከበር ይሰማ ነበር። ክዳኑ ሲነሣ ውስጡ ለአራት ተከፍሏል፤ በእያንዳንዱ ክፍል 25። «እግዜር ይባርክልሽ ልጄ» አሉ ጎረቤትየዋ፤ «እኔ የግራዎቹን ሁለት እወስዳለሁ።»

«ኧረ እትዬ፣ መጀመሪያ ይቆጠሩ።»

ቆጠራው ብልሃት አለው፤ በየተራ በእጅ ሲነሡ ይታያሉ። ዓይኗ ክፍትና የሚያበራ፣ እግሯ ወዝ ያለው፣ እምብርቷ የተዘጋ፣ በእጅ ስትያዝ የምትታገል ጫጩት ጤነኛ ናት። እምብርቷ ያልተዘጋ፣ ሆዷ የተነፋ፣ አንገቷን የደፋች ካለች ለብቻ ትቀመጣለች። ወጣቷ እናት አንዷን በመዳፏ ይዛ ምንቃሯን ማጠጫው ጠርዝ ላይ ነከር አደረገችው። ጫጩቷ ራሷን ወደ ላይ አቅንታ ዋጠች። ከዚያ በራሷ ደገመችው። አጠገቧ የተቀመጠችው ሳትነከር አይታ ጠጣች። ጥቂቶችን ማስተማር ይበቃል፤ የተቀሩት ከእነሱ ይማራሉ።

መኖው የሚቀርበው ውሃውን ከጠጡ ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱ ላይ በተን ይደረጋል፤ ጫጩቶቹ ሲረግጡት የሚሰማው ኮሽታ እንዲለቅሙ ይቀሰቅሳቸዋል። ቀኑ ሲያበቃ አንድ ፈተና አለ። አሥር ያህሉን በየተራ አንሥቶ ከአንገታቸው ሥር ያለውን የመኖ ከረጢት በጣት ዳሰስ ማድረግ ነው። ሞላ ብሎ ለስለስ ያለ ከሆነ በልታለችም ጠጥታለችም። ጠንካራ ከሆነ መኖ እንጂ ውሃ አላገኘችም። ባዶ ከሆነ ከሁለት አንዱ ጎድሏል፤ ብዙ ጊዜም በርዷት ነው፣ ጫጩት ሲበርዳት ሙቀት እንጂ መኖ አትፈልግም።

ልጆቹ በሩ ላይ ተሰብስበዋል። እንዲያዩ ይፈቀድላቸው፤ ግን ከነኩ በኋላ በሳሙና ይታጠቡ፣ ፊታቸው ላይ አያስጠጓቸው። ጤነኛ የምትመስል ጫጩትም ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጫጩቶቹ የኋላ መውጫ በኩስ ከተደፈነ ለብ ባለ ውሃ በጥጥ ማራስና ቀስ ብሎ ማጽዳት ነው፤ ደረቁን መንጨት ቆዳዋን ይልጠዋል። በደንብ በተያዘ ቤትም ከ100 ጫጩት ሦስት እስከ አምስት ሊሞት ይችላል። የሞተው ወዲያው ይወጣል፣ ይቀበራል፣ በደብተር ይጻፋል። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሦስት፣ ከነገ ወዲያ ስድስት ከሆነ የእንስሳት ሐኪም የሚጠራው በሁለተኛው ቀን ነው።

ፈንግል ሳይቀድም

ዶሮ አርቢ የሆነ ሰው ሁሉ የሚፈራው ስም ፈንግል ነው። በክረምቱ መግቢያና ዶሮ ከገበያ ገበያ በሚዞርበት የበዓል ሰሞን ይበረታል። አንገት ያጣምማል፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ያስወርዳል፣ ያልተከተበ ግቢን በቀናት ውስጥ ባዶ ያደርጋል። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱን ከሚያመርቱት አንዱ እዚያው ቢሾፍቱ የሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው።

የተለመደው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የማሬክ ክትባት ማስፈልፈያው ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ይሰጣል፤ ስለዚህ ሲገዙ ተከትበዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ የፈንግል ክትባት በዓይን ጠብታ፣ በሁለተኛው ሳምንት ጉምቦሮ፣ ከዚያ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ላሶታ የሚባለው የፈንግል ማጠናከሪያ። ቀናቱን እንደ አካባቢው የሚያስተካክለው የእንስሳት ሐኪሙ ነው።

የጠብታው አሰጣጥ ሲታይ ቀላል ነው። ባለሙያዋ ጫጩቷን በግራ እጇ ይዛ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ታጋድማለች፣ አንዲት ጠብታ ዓይኗ ላይ ታሳርፋለች፣ ከዚያ አትቸኩልም። ጫጩቷ ዓይኗን ጨፍና እስክትገልጥ፣ ጠብታው ወደ ውስጥ እስኪገባ ትጠብቃለች። ከመግባቱ በፊት የተለቀቀች ጫጩት ራሷን አራግፋ ክትባቱን ሰጋቱራው ላይ ትጥለዋለች፤ በደብተር ግን ተከተበች ተብላ ትጻፋለች።

ክትባቱ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ከፋብሪካው እስከ ጫጩቷ ዓይን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መጓዝ አለበት። በኪስ የመጣ፣ ፀሐይ የመታው ብልቃጥ ውሃ ነው። በሚጠጣ ውሃ የሚሰጥ ከሆነም የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ክሎሪኑ ይገድለዋል። አንዴ የተከፈተ ብልቃጥ ለነገ አይተርፍም፤ አንዱ ብልቃጥ ደግሞ ለብዙ ጫጩት የሚበቃ ነው። ካርቶን የተካፈሉ ጎረቤታሞች የክትባቱንም ቀን አንድ ቢያደርጉ ወጪውም ብክነቱም ይቀንሳል።

በክትባት የማይመለሰውን የሚመልሰው ጽዳት ነው። በሩ ላይ ኖራ ወይም የጽዳት መድኃኒት ያለበት መርገጫ ይቀመጥ፤ ለክፍሉ ብቻ የሚሆን ጫማ ይኑር። ከገበያ የመጣች የበዓል ዶሮ ከጫጩቶቹ ጋር አንድ ግቢ አትደር። ጉዝጓዙ በተለይ ማጠጫው ዙሪያ ሲረጥብ ይቀየር፤ ከሦስተኛው ሳምንት ወዲያ ደም የቀላቀለ ኩስ የሚያመጣው ኮክሲዲዮሲስ የሚራባው በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ነው። ከተያዘ አምፕሮሊየም የሚባል መድኃኒት በውሃ ይሰጣል፤ ጉዝጓዙ ካልደረቀ ግን ተመልሶ ይመጣል።

የ45 ቀን ሒሳብ

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ሌላ አማራጭ የለም ወይ ቢል ተገቢ ነው። አለ። በአገራችን የዶሮ ንግድ ውስጥ የአንድ ቀን ጫጩት በሺዎች ተረክበው፣ አሙቀው፣ አስከትበው፣ 45 ቀንና ከዚያ በላይ አሳድገው ለአርሶ አደሩና ለከተማው አርቢ የሚሸጡ ወኪሎች አሉ። እንደ ኢትዮ ቺክን ያሉ አስፈልፋዮች ጫጩታቸውን ወደ ገጠር የሚያደርሱት በዚህ መንገድ ነው። በዚያ ዕድሜ ዶሮዋ ላባ አውጥታለች፣ ዋና ዋና ክትባቶቿን ወስዳለች፣ ብርድ ትችላለች።

ዋጋዋም ከአንድ ቀን ጫጩት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ብዙ ጀማሪም እዚህ ላይ ይናደዳል። «ጫጩቷ በዚያ ዋጋ እየተሸጠች ለምን ይሄን ያህል እከፍላለሁ?» ይላል። በልዩነቱ ውስጥ ያለውን ይቁጠር። መኖው አለ። በየቀኑ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚበላው አምፖል አለ። ክትባቱ፣ ሰጋቱራው፣ መለወጫ አምፖሉ አለ። በመንገድ ላይ የሞቱት አሉ፤ የእነሱም ዋጋ በቀሩት ላይ ይጨመራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንድ ሰው የሌሊት እንቅልፍ አለ። ገዢው የሚከፍለው የእናትነቱን ዋጋ ነው፤ ያ ዋጋ ደግሞ እሱ ራሱ ቢያሳድጋቸውም አይቀርለትም፣ የሚከፍልበት መንገድ ብቻ ነው የሚለየው።

ራስን ማስተማር የሚፈልግ፣ ቀኑን ቤት የሚውል፣ ለማስፋት የሚያስብ ሰው በአንድ ቀን ጫጩት ቢጀምር ያተርፋል፤ በሁለተኛው ዙር እጁ ይፈታል፣ በሦስተኛው ለጎረቤት ቄብ መሸጥ ይጀምራል። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ፣ ቤት ውስጥ ተረካቢ የሌለው ሰው ግን በትልቋ ቢጀምር አዋቂ ነው እንጂ ሰነፍ አይባልም።

ስለዚህ ጫጩት ለማዘዝ ስልክ ከመደወልዎ በፊት ቤተሰቡን ሰብስበው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋ የሚነሣው ማን ነው? የአንድ ሰው ስም ከተጠራ ይዘዙ። ሁሉም እርስ በርሱ ከተያየ ባለ 45 ቀኖቹን ይግዙ፤ ለእነሱ ሌላ ሰው ተነሥቶላቸዋል።